ምስጢሩ የተደበቀው ከማን ነበር?

አክስቴ ስልክ ላይ የምትደጋግማት አንዲት አባባል አለች። ወሬው ጠንከር ሲል፣ የባለሥልጣን ስም ሲነሳ፣ ድምጿን ዝቅ ታደርግና «ይሄ እንኳ በስልክ አይወራም፤ ስትመጣ እነግርሃለሁ» ትላለች። ሄጄ ስጠይቃት ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንዴ የዘይት ዋጋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ማን እንደሚሰማት አታውቅም። የሚሰማ እንዳለ ግን አምናለች፤ በቃ።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ ይመስለን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1971 (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ቢሮ የወጣ ወረቀት ግን፣ እንዲህ ያለውን ፍርሃት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አስቦበት እንደሚዘራው አሳየ። ወረቀቱን ያወጡት ጋዜጠኞች ወይም የምክር ቤት አባላት አልነበሩም። የፊዚክስ መምህር፣ የታክሲ ሹፌር፣ የሕፃናት መዋያ ኃላፊ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሌላ ሰው ሌላ ወረቀት አወጣ፤ እሱ ደግሞ አንድ ጦርነት በምን ሰበብ እንደተስፋፋ የሚያሳይ ነበር። ሁለቱ ታሪኮች ተነጣጥለው ሲነገሩ ግማሽ ናቸው።

መንግሥት ወንጀለኛን መከታተሉ ምን ክፋት አለው?

ምንም። ባንክ የዘረፈን ሰው ፖሊስ ቢከታተል፣ በፍርድ ቤት ፈቃድ ስልኩን ቢጠልፍ ሥራው ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ሰፈራችሁ ሌባ እንዲጠብቅ ዘበኛ ቀጠረ እንበል። ዘበኛው ግን ሌሊቱን የሚያሳልፈው በየመስኮቱ ሥር ቆሞ ነው። ማን ስለ እሱ ምን እንዳለ፣ ማን ማን ቤት እንደሚገባ በደብተር ይጽፋል። ደመወዙን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። «ደብተሩን አሳየን» ስትሉት «የጸጥታ ጉዳይ ነው» ይላል። ዜጎች የመንግሥትን ስለላ መረመሩ ሲባል፣ ያንን ደብተር ለማየት ሞከሩ ማለት ነው።

ደብተሩን እንዴት አገኙት?

ኤፍ ቢ አይ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ነው። ከ1924 ጀምሮ የመራው ጄ. ኤድጋር ሁቨር የሚባል ሰው ነበር። ፕሬዚዳንት ይመጣል፣ ፕሬዚዳንት ይሄዳል፤ ሁቨር አለ። በ1971 ወንበሩ ላይ 47 ዓመት ሊሞላው ነበር።

በዚያን ጊዜ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ሰዎች በየስብሰባቸው ጆሮ ጠቢ እንዳለ ጠርጥረው ነበር። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይሆንም። ዊሊያም ዴቪዶን የተባለ የሃቨርፎርድ ኮሌጅ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሚያምናቸውን ሰዎች ጠራና ጠየቃቸው፦ የኤፍ ቢ አይን ቢሮ ሰብረን ብንገባ ምን ትላላችሁ?

እብደት ይመስላል። የመረጡት ግን የፊላዴልፊያውን ትልቁን ቢሮ አልነበረም። አቅራቢያዋ ባለች ሚዲያ በምትባል ትንሽ ከተማ (ስሟ ነው፤ ከመገናኛ ብዙኃን ጋር አይገናኝም) ሰው የሚኖርበት አፓርታማ ውስጥ ያለ ቅርንጫፍ ነበር።

ከስርቆቱ በፊት ውስጡን የሚያይ ሰው አስፈለገ። ቦኒ ሬይንስ የልጆች እናት ናት። የኮሌጅ ተማሪ መስላ ቀጠሮ ያዘች። «ሴቶች ኤፍ ቢ አይ ውስጥ ምን የሥራ ዕድል አላቸው?» የሚል ጥናት እየሠራሁ ነው አለች። ፀጉሯን ኮፍያ ውስጥ ሰብስባ፣ አሻራዋ እንዳይቀር ጓንቷን ሳታወልቅ ማስታወሻ ያዘች። ሰው በጓንት ሲጽፍ እያዩ እነዚያ መርማሪዎች ምንም አልጠረጠሩም! ስትወጣ ሦስት ነገር አውቃለች። የማንቂያ ደወል የለም። የፋይል ካቢኔቶቹ አይቆለፉም። ሁለተኛ በር አለ፤ ከውስጥ በትልቅ ካቢኔት ተጋርዷል።

ቀኑን መጋቢት 8 አደረጉት። ያን ምሽት ሞሐመድ ዓሊና ጆ ፍሬዘር ኒውዮርክ ላይ ይገጥማሉ። ዘበኛውም ፖሊሱም ጆሮው ራዲዮ ላይ ይሆናል ብለው ነው። የታክሲ ሹፌሩ ኪት ፎርሳይት ቁልፍ መክፈት የተማረው በተልእኮ ትምህርት ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ያላሰበው፣ ሊከፍተው የማይችለው ሌላ ቁልፍ ጠበቀው። ሊተዉት ምንም አልቀራቸውም። በኋላ ያ ሁለተኛው በር ትዝ አላቸው። ፎርሳይት ቁልፉን ሰበረና ኮሪደሩ ላይ ተኝቶ በብረት ዘንግ ካቢኔቱን በትንሽ በትንሹ ገፋው። ካቢኔቱ ቢወድቅ ሕንፃው ሁሉ ይነቃ ነበር። አልወደቀም።

ሌሎቹ ሻንጣ ይዘው ገቡ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰነድ ሞልተው ወጡ። ዓሊ በዚያ ሌሊት ከ15 ዙር በኋላ በነጥብ ተሸነፈ።

ወረቀቱ ምን ይል ነበር?

አንድ ገጠር ቤት ገብተው ማንበብ ጀመሩ። በኋላ ዓለም ሁሉ የሚጠቅሰው ወረቀት ለመርማሪዎች የተላከ መመሪያ ነው። ተቃዋሚዎችን እየሄዳችሁ ማነጋገሩን አብዙት ይላል። ለምን? በመካከላቸው ያለውን ጥርጣሬ ያባብሰዋል፤ ከየፖስታ ሳጥኑ ጀርባ የኤፍ ቢ አይ ሰው አለ የሚለውንም ያስጨብጣቸዋል።

ቆም ብላችሁ አስቡት። ከየፖስታ ሳጥኑ ጀርባ ሰው ማቆም በጀት ይጨርሳል። አለ ብሎ ማሳመን ግን ምንም አያስወጣም። ሰው ራሱን በራሱ ዝም ያሰኛል። አክስቴን አስታውሷት።

ሌላ ወረቀት አንድ የፍልስፍና መምህር እንዴት እንደሚጠበቅ ይዘረዝራል። መረጃ የሚያቀብሉት የኮሌጁ የስልክ ኦፕሬተር፣ የግቢው ፖሊስና የፖስታ ቤት ሰዎች ናቸው። የጥቁር ተማሪዎች ማኅበራት፣ ነገር ቢያነሱም ባያነሱም፣ በጅምላ እንዲጠኑ ታዝዟል። ሰዎቹ ወረቀቱን በዓይነት ለይተው ቆጠሩት። የፖለቲካ ክትትል ወደ 40 በመቶ፤ የተደራጀ ወንጀል፣ ማለትም ማፊያው፣ 1 በመቶ።

ቅጂዎቹን ለሁለት የምክር ቤት አባላትና ለጋዜጦች በፖስታ ላኩ። የምክር ቤት አባላቱ ለኤፍ ቢ አይ መለሱት። ዋሽንግተን ፖስትን የፍትሕ ሚኒስትሩ ራሳቸው እንዳያትም ጠይቀውት ነበር። መጋቢት 24 ቀን አተመው።

ከሰነዶቹ አንዷ ጥግ ላይ ማንም የማያውቀው ቃል ነበረባት፦ ኮይንቴልፕሮ። ካርል ስተርን የተባለ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሲከለከል ፍርድ ቤት ሄደ። በ1973 መጨረሻ መልሱን አገኘ። ከ1956 ጀምሮ የተካሄደ ድብቅ ዘመቻ ነው። ክትትል ብቻ አይደለም፤ ማፍረስ ነው። ስም የሌለው ደብዳቤ እየጻፉ ጓደኛን ከጓደኛ፣ ባልን ከሚስት ማጣላት፣ ሰውን ከሥራ ማስባረር ነው። በኋላ ሴኔቱ ሲመረምር፣ በ1964 ለማርቲን ሉተር ኪንግ ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋ ስም አልባ ደብዳቤ የላከው ይኸው መሥሪያ ቤት መሆኑ ተገለጠ።

ጦርነቱ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ሚዲያ ከተማ ላይ በር የሰበሩት ሰዎች የጦርነት ተቃዋሚዎች ነበሩ። የሚከታተላቸውም ቢሮ ሥራው ይኸው ነበር። ጦርነት የሕዝብ ይሁንታ ይፈልጋል። ይሁንታው ደግሞ ለሕዝቡ በተነገረው ነገር ላይ ይቆማል። «ቆይ፣ እውነት እንዲህ ነው የሆነው?» የሚል ሰው ለዚያ መሠረት አደጋ ነው። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ይጻፋል።

የተነገረው ነገር ምን ነበር? በነሐሴ 1964 ማዶክስ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ በቬትናም ጠረፍ፣ ቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ መረጃ ትሰበስብ ነበር። ነሐሴ 2 ቀን ሦስት የሰሜን ቬትናም ጀልባዎች ቶርፔዶ ተኮሱባት። ይህ በእርግጥ ሆኗል። ከሁለት ቀን በኋላ በጨለማና በማዕበል መካከል ማዶክስና አጋሯ «በድጋሚ ተጠቃን» የሚል መልእክት ላኩ።

ያ ቀን ለዳንኤል ኤልስበርግ ፔንታጎን፣ ማለትም የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ ውስጥ የመጀመሪያው የሥራ ቀኑ ነበር። ዕድል ይሉታል ይህ ነው። አዲሱ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ የመርከቦቹ ቴሌግራም በላይ በላዩ ይመጣለታል። ተተኮሰብን፤ እንደገና ተተኮሰብን። ከዚያ ያዛዡ የካፒቴን ሄሪክ ሌላ ቴሌግራም መጣ። የአየሩ ሁኔታ ራዳሩን ሳያሳስተው አልቀረም፤ የሶናር (በውሃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ) ሠራተኛው ከመጠን በላይ ቸኩሏል፤ በዓይኑ ጀልባ ያየ የለም፤ ሌላ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ሙሉ ማጣራት ይደረግ የሚል ነበር።

ገጠር ያደረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሌሊት አንድ ውሻ ነፋስ ሰምቶ ይጮኻል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሰምቶ ይጮኻል። ትንሽ ቆይቶ መንደሩ ሁሉ ጅብ መጣ ብሎ ዱላ ይዞ ይወጣል። ሄሪክ ያለው በአጭሩ፦ ጅቡን ያየ የለም።

ማጣራቱ ግን አልተጠበቀም። ፕሬዚዳንት ጆንሰን እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በቴሌቪዥን ወጥተው የአጸፋ እርምጃ እየተወሰደ መሆኑን ነገሩ። በሦስተኛው ቀን ምክር ቤቱ ለፕሬዚዳንቱ ሰፊ ሥልጣን ሰጠ። በታችኛው ምክር ቤት 416 ለ0፤ በሴኔት 88 ለ2።

ስህተት ነው ወይስ ውሸት?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሳሳች የጦርነት ሰበብ ማለት የግድ ከመሬት ተነስቶ የተፈጠረ ውሸት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ግማሽ እውነት ነው። ሁለት ነገር ተደባልቋል።

የነሐሴ 4ቱ «ጥቃት» በስህተት ተጀመረ፤ ጥርጣሬው ተደብቆ ግን እንደ እርግጠኛ ነገር ተነገረ። የነሐሴ 2ቱ ደግሞ እውነት ነው፤ ግን ጅማሬው ተቆርጧል። ልጅ እያለቀሰ ይመጣና «ጎረቤት መታኝ» ይላል። ቀድሞ ድንጋይ መወርወሩን አይናገርም። ከነሐሴ 2 በፊት በነበሩት ቀናት በአሜሪካ የተደራጁ የደቡብ ቬትናም ጀልባዎች የሰሜኑን ደሴቶች ደብድበው ነበር። ለሕዝቡ የተነገረው «ያለ ምንም ምክንያት ተጠቃን» የሚል ነው።

አሁን ወደ ርእሱ ልመለስ። ይህ ምስጢር የተደበቀው ከማን ነበር? ሃኖይ፣ ማለትም የሰሜን ቬትናም መንግሥት፣ ያውቃል፤ ደሴቶቹ የተደበደቡት የእሱ ናቸው። ነሐሴ 4 ጀልባ አለመላኩንም ያውቃል። የማያውቀው ልጁን ወደ ጦርነቱ የሚልከው የአሜሪካ ገበሬና የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። «የጠላት ጆሮ እንዳይሰማ» ተብሎ የተቆለፈውን፣ ጠላት የተባለው ከሁሉ ቀድሞ ሰምቶታል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የዚህኛው ስንቅ ግን አርባ ዓመት ቆየ። በ1995 በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ማክናማራ ሃኖይ ሄደው፣ ያኔ የሰሜን ቬትናም ጦር መሪ የነበሩትን ጄኔራል ዛፕን ስለዚያች ሌሊት ጠየቁ። መልሱ አጭር ነበር፤ ምንም አልሆነም። በ2005 ደግሞ ኤን ኤስ ኤ፣ ማለትም የአሜሪካው የስልክና የሬዲዮ ጠለፋ መሥሪያ ቤት፣ የራሱ ታሪክ ጸሐፊ የሠራውን ጥናት ይፋ አደረገ። ጥቃት አልነበረም፤ አልነበረም የሚለውም መረጃ ለበላይ አልቀረበም። በመካከሉ ከ58,000 በላይ አሜሪካውያንና ቁጥራቸው በሚሊዮን የሚገመት ቬትናማውያን አልቀዋል።

ኤልስበርግ ዝም ብሎ አልቀረም። በ1967 ማክናማራ ራሳቸው ያሠሩት የጦርነቱ ምስጢራዊ ታሪክ ነበር፤ 7,000 ገጽ። ኤልስበርግ ከ1969 ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ፎቶ ኮፒ ያደርገው ገባ። ያኔ ማሽኑ አንድ ገጽ በአንድ ገጽ ነው። አንድ ቀን ልጆቹን ይዞ ሄደ። የ13 ዓመቱ ልጁ ማሽኑን ሲያሠራ፣ የ10 ዓመቷ ልጁ በመቀስ «ከፍተኛ ምስጢር» የሚለውን ከገጹ ላይ እየቆረጠች ትጥል ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ በሰኔ 1971 ማተም ጀመረ። መንግሥት አስቆመው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ይታተም አለ።

የግድ መስረቅ አለበት?

የለበትም። አንዳንዴ ማንበብ ይበቃል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝም ይህኛው ነው።

በየካቲት 2003፣ ኢራቅ ልትወረር ሳምንታት ሲቀሩ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ሳዳም የስለላ መዋቅር አንድ ጽሑፍ አሠራጨ። ምንጩ የስለላ መረጃ ነው ተባለ። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፓወል የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፊት ቆመው አሞገሱት። ካምብሪጅ የሚያስተምር ግሌን ራንግዋላ የሚባል ሰው ሲያነበው ግን፣ ይህን የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ አለ። አይቶታል። ኢብራሂም አል-ማራሺ የተባለ ተማሪ ከወራት በፊት ያሳተመው ጽሑፍ ነበር።

ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ገጽ ሙሉ ተገልብጧል። የተማሪው የሥርዓተ ነጥብ ስህተት ሳይቀር ተገልብጧል። የቤት ሥራ ሲኮርጅ የጓደኛውን ስም ጭምር የጻፈ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ከዚህ የሚብሰው የተለወጡት ቃላት ናቸው። ተማሪው ኢራቅ የጠላት አገሮችን «ተቃዋሚ ቡድኖች» ትረዳለች ያለው፣ በመንግሥት ጽሑፍ «አሸባሪ ድርጅቶችን» ትደግፋለች ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው ሁለት ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ነው።

በእነዚያው ሳምንታት ካትሪን ገን የምትባል የእንግሊዝ የስለላ ድርጅት ተርጓሚ አንድ ኢሜይል ደረሳት። አሜሪካኖቹ በጸጥታው ምክር ቤት ድምፃቸው ያልለየላቸውን አገሮች፣ ከነሱም አንጎላን፣ ካሜሩንንና ጊኒን፣ ለመጥለፍ እርዳታ ይጠይቃሉ። አሾለከችው። ስለላውና የጦርነቱ ሰበብ እዚህ አንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ። (ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ዋይት ሐውስ ባወጣው የወረራው ደጋፊ አገሮች ዝርዝር ላይ ኢትዮጵያም ኤርትራም ነበሩበት። በድንበር ተላልቀው ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ ተስማሙ።)

ታዲያ አልታሰሩም?

ሕግ ጥሰዋል፤ ራሳቸውም አልካዱም። የሚዲያ ከተማዎቹን ለመያዝ ኤፍ ቢ አይ 200 ያህል መርማሪ አሰማራ። የምርመራው ፋይል ከ33,000 ገጽ በላይ ሆነ። የክስ ጊዜው በአምስት ዓመት አለፈ፤ አንድም አልተያዘም። አብዛኞቹ ስማቸውን የገለጹት በ2014 ነው። ዴቪዶን ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሞቷል።

ኤልስበርግ እስከ 115 ዓመት እስራት የሚያደርስ ክስ ተመሠረተበት። ነጻ ያወጣው ራሱ ከሳሹ ነው ማለት ይቻላል። የፕሬዚዳንት ኒክሰን ሰዎች ገመናውን ፍለጋ የሥነ አእምሮ ሐኪሙን ቢሮ ሰብረው ገብተው ነበርና ዳኛው በ1973 ክሱን ዘጉት። ገንም በ2004 ፍርድ ቤት በቆመችበት ቀን ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አላቀርብም ብሎ ተወው።

አገሩስ ምን ተማረ? ጥቂት። በ1973 የፕሬዚዳንቱን የጦርነት ሥልጣን የሚገድብ ሕግ ወጣ። በ1975 ሴኔቱ የስለላ ተቋማቱን አንድ በአንድ መረመረ። በ1978 ለስለላ ፈቃድ የሚሰጥ ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። በ2013 ለኤን ኤስ ኤ ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣው የመጀመሪያ ሰነድ የዚሁ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበር፤ አንድ የስልክ ኩባንያ የደንበኞቹን የጥሪ መዝገብ በሙሉ ለመንግሥት እንዲያስረክብ የሚያዝ። ዘበኛውን የሚጠብቅ ዘበኛ ቀጠሩ፤ ሁለቱ ተላመዱ።

ዛሬ ደብተሩ የት ነው?

ኪሳችን ውስጥ። ስለዚህ መርማሪውም ተለውጧል፤ በር አይሰብርም፣ ኮምፒውተር ይፈትሻል። በመጋቢት 2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ቡድን ፊንስፓይ ስለተባለ የስለላ ሶፍትዌር ሪፖርት አወጣ። ማጥመጃው የግንቦት 7 ሰዎች ፎቶ ነበር። ፎቶውን ለማየት ስትከፍተው ሰላዩ አብሮ ይገባል።

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ የኢትዮጵያ ተወላጅ አሜሪካዊ ኮምፒውተሩን አስመረመረ። ተገኘበት። በክሱ እንደተባለው ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ ቆይቷል። ሪፖርቱ በወጣ በቀናት ውስጥ ሶፍትዌሩ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ፤ ዱካው ግን ቀረ። ሰውየው በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ዘጋው። ምክንያቱ ስለላው ተደርጓል ወይም አልተደረገም የሚል አይደለም። ድርጊቱ በሙሉ የተፈጸመው አሜሪካ ምድር ላይ ስላልሆነ የውጭ መንግሥትን እዚያ መክሰስ አይቻልም የሚል ነው።

በመዝገቡ ላይ ከሳሹ «ኪዳኔ» ይባላል። እውነተኛ ስሙ አይደለም። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቹ ላይ ችግር እንዳይመጣ ብሎ ፍርድ ቤቱን ያስፈቀደው ስም ነው።